ሚስ ዶሪስን ይዘህ ውጣ

አትላንታ፣ ግንቦት 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ሕሩይ፣ የእናትህ ዓለም፤

ደብዳቤ ስታይ አትደንግጥ፣ የሞተም የታመመም የለም። እኔ ግን ቁጭ ብዬ መብላት አቅቶኛል። ስልክ ላይ ደግሞ ገና "ውሃው" ስል "ማሚ፣ ዶንት ዎሪ" ብለህ ትዘጋብኛለህ። ስለዚህ ጻፍኩልህ።

እዚህ ዱሉዝ ያለው መጋዘን አብራኝ የምትሠራው ፈትያ የእናንተን የኮሎራዶን አካባቢ የጎርፍ ማስጠንቀቂያ ስልኬ ላይ አስገባችልኝ። ትናንት ቅዳሴ መሀል ጮኸና ዲያቆኑ ሳይቀር ዞሮ አየኝ። ዛሬም ሥራ ላይ ጮኾ የያዝኩትን ካርቶን ለቀቅኩት። "አንቺ ሴትዮ፣ አትላንታ ቆመሽ የኮሎራዶን ወንዝ ልትገድቢው ነው? ሪላክስ አድርጊ እንጂ!" ትለኛለች ፈትያ። እንዴት ሪላክስ ላድርግ? የዘንድሮው በረዶ ገና ከተራራው አልወረደም፤ በሚቀጥለው ሳምንት ደግሞ ሞቃት ዝናብ ይዘንብበታል ይላሉ። ሁለቱ አንድ ላይ ከመጡ ከጓሯችሁ ያለው ወንዝ የት ሊሄድ ነው?

ጥርት ያለ ሰማይ ፎቶ አንስተህ ላክህልኝ። እኔ እኮ የድሬዳዋ ልጅ ነኝ! እኛ ሰፈር ጠብታ ሳይወድቅ፣ ደጋው ላይ ዘንቦ፣ ደረቁ ወንዝ ግንድ እየገፋ ሲመጣ አይቻለሁ።

ባለፈው "ቀድመህ ውጣ" ብዬ ስጮህብህ "ሚስ ዶሪስ እምቢ ብላለች፣ እሷን ትቼ አልሄድም" አልከኝ። አከራይህ የሰማንያ አራት ዓመት አሮጊት መሆናቸውን አውቃለሁ። ሲያምህ ሾርባ ይዘው ምድር ቤት ወዳለው ክፍልህ ደረጃ እንደሚወርዱም ነግረኸኛል። ያም ሆኖ "ልጆቻቸው ያውጧቸው፣ አንተ ምን አገባህ?" ያልኩህ ከልቤ ነበር። ከዚያ ወዲህ ራሴን ጠላሁት።

አያትህ፣ የአባትህ እናት እማማ ተናኘ፣ በልብ ድካም ሞቱ ብለን ነው ያሳደግንህ። ውሸት ነው፤ የወሰዳቸው የድሬዳዋ ጎርፍ ነው። አንተ የአራት ወር ልጅ ነበርክ፣ አባትህ ለሥራ ጅቡቲ ሄዶ ነበር። ጎረቤት "ወንዙ መጣ!" ብሎ ሲጮህ አንተን አዝዬ "እማማ፣ እንውጣ" አልኳቸው። "አይ፣ እኔ ከቤቴ አልወጣም፣ እናንተ ሂዱ" አሉኝ። በእኛ ዘንድ ሰው መጀመሪያ እምቢ የሚለው በይሉኝታ እንደሆነ ታውቃለህ፤ "በሞቴ" ተብሎ፣ ክንዱን ተይዞ ነው እሺ የሚለው። ይህን እያወቅኩ አንድ ጊዜ ብቻ ጠየቅኳቸው። ለመለመን ጊዜ ነበረኝ፣ ሕሩይ። ፈርቼ ነው። አባትህ ሲመለስ "ለምነሻት ነበር?" አለኝ። "ለምኛቸው ነበር" አልኩት፤ ይህንኑ እንዳመነ አረፈ።

ስለዚህ ትተሃቸው ና አልልህም። ዝናቡ ሳይጀምር ውጣ፣ ግን ይዘሃቸው ውጣ። ፈረንጅ "ኖ" ካለ ኖ ነው ትለኝ ይሆናል። ይሁን፣ አንተ ግን ሁለቴ ሦስቴ ለምናቸው። መድኃኒታቸውንና ድመታቸውን ቀድመህ መኪና ውስጥ አስገባ፣ ካፖርታቸውን አልብሳቸው፣ ቢቆጡህም ቻለው። ካስፈለገ ደውልና አገናኘኝ፣ እንግሊዝኛዬ ለልመና ይበቃል።

ከጎርፍ አውጥቶ ያሳደገህ አምላክ አሁንም ከፊትህ ይቅደም፤ እጃቸውን የያዝክላቸውን ሴትዮም አብሮ ያውጣልኝ።

እናትህ የሺእመቤት

እስከ መጨረሻው እምቢ ካሉህ ምን እንደምታደርግ ከዚህ በታች አንድ መስመር ጽፌ ሰርዤዋለሁ። ወረቀቱን ብርሃን ላይ ይዘህ ለማንበብ አትሞክር። ካነበብከውም አትፍረድብኝ።