ስለ አሥራ ሁለቱ ንጹሕ ናሙናዎች

ለተከበሩ የባትሪ ፋብሪካችን የሠራተኞች ጤና ክፍል ኃላፊ
ባሉበት

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን እንደ ሰነበተ በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ፤ በተለይ ሁለቱ ኩላሊቶችዎ ሰላም ውለው እንዲያድሩ ከልብ እመኛለሁ። እኔ የክፍልዎ መዝገብ ሠራተኛ፣ ፈጣሪ ይመስገን፣ ደኅና ነኝ። ደኅንነቴም በጥናት ተረጋግጧል፤ ያውም አሥራ ሁለት ጊዜ።

ክቡርነትዎን የማመሰግንባቸው ጉዳዮች የሚከተሉት ናቸው።

፩. የዱቄት መቀላቀያ ክፍል ሠራተኞች የሚተነፍሱት ኬሚካል ኩላሊታቸው ውስጥ ካልሲየም ያጠራቅም እንደሆነ ሊያጠኑ ተመራማሪዎች በመጡ ጊዜ፣ የአሥራ ሁለቱን ሰዎች ሽንት እንድሰበስብ እኔን ስለ መረጡኝ አመሰግናለሁ። ተመራማሪዎቹ «ንጹሕ ናሙና» ሲሉ ንጹሕ ብልቃጥ ማለታቸው ነበር። እርስዎ ግን ቢሮዎ አስጠርተው፣ በሩን ዘግተው፣ «ንጹሕ» የምትለዋን ቃል ሁለት ጊዜ ደግመው፣ የኮንትራቴን መታደስ ጣል አድርገው የቀረውን ለእኔ ግንዛቤ ተዉት። ግንዛቤዬ ፈጣን ነው። የሰዎቹን ሽንት መታጠቢያ ቤት ደፍቼ፣ ከጠዋት እስከ ምሳ ሰዓት ውኃ ስጠጣ ውዬ፣ አሥራ ሁለቱንም ብልቃጥ ብቻዬን ሞላሁ።

፪. «ከጉዳት ነጻ» የሚለው ውጤት በመቀላቀያ ክፍሉ በር ላይ በጊዜው ስለ ተለጠፈ አመሰግናለሁ። ሰባተኛው ብልቃጥ የታላቅ ወንድሜ ነበር። ጎኑን ሲወጋው ከርሞ ወደ ማሸጊያ ክፍል ልዛወር ብሎ ማመልከቻ ጽፎ ነበር፤ ማስታወቂያውን ሲያነብ ማመልከቻውን ቀደደና «ለካ ብርድ ነው፣ እንኳን ደስ ያለህ በለኝ እንጂ» አለኝ። እንኳን ደስ ያለህ አልኩት።

፫. ከዓመት በኋላ ሐኪሙ በራጅ ፊልሙ ላይ በሁለቱም የወንድሜ ኩላሊቶች የተበተነውን ነጭ ነጠብጣብ ሲያሳየን፣ እሱ የፋብሪካውን ውጤት ግልባጭ ከደረት ኪሱ አውጥቶ «ዶክተር፣ የሌላ ሰው ፊልም እንዳይሆን፤ እኔ እኮ ተመርምሬያለሁ» ብሎ ተከራከረ። አጠገቡ ቆሜ ነበር። እንደዚያ አፍሬ አላውቅም፤ ይኸው ዛሬም ቀና ብዬ ላየው አልቻልኩም። በዚህኛው ቁጥር ምስጋና ባለመጻፌ ይቅርታዎን እለምናለሁ።

የቀሩት አሥራ አንዱ ዛሬም በዚያው ማስታወቂያ ሥር አልፈው ይገባሉ። ስለዚህ ያደረግሁትን ዘርዝሬ ለተመራማሪዎቹ ልኬያለሁ፤ ይህንንም ደብዳቤ እንዳይደክሙ ብዬ በማስታወቂያዎ ላይ ለጥፌዋለሁ።

የክቡርነትዎ ታዛዥና ፈጣን ተገንዛቢ፣
ናሙና ከቁጥር ፩ እስከ ፲፪

ማስታወሻ፦ ደብዳቤውን ከመለጠፌ በፊት ለወንድሜ ሰጠሁት። አልሰደበኝም። እስክሪብቶዬን ተቀብሎ «እርስዎ» የሚለውን ሁሉ እየሰረዘ «እናንተ» ብሎ፣ እኔንም ጨምሮ፣ አረመው። ለክብርዎ ስል መልሼ «እርስዎ» ብዬ ገልብጬዋለሁ፤ ትክክሉ ግን የወንድሜ ነው።