በሟች ስም የተቆለፈው የባለቤቴ ድምፅ

ለተከበሩ የደንበኞች ማንነት ማረጋገጫ ክፍል ኃላፊ
ባሉበት

ክቡርነትዎ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን እንደሆነ በትሕትና እጠይቃለሁ። እርስዎም ቤተሰብዎም ደኅና እንደሆናችሁ፣ በተለይም ጉሮሮዎ ሳይከረክር፣ ድምፅዎ ሳይሰልል፣ ጠዋት ሲነሱ እናትዎን «ደኅና አደርሽ?» ለማለት የማንም ፈቃድ ሳያስፈልግዎ እንደሚውሉ ተስፋ አደርጋለሁ። እኛ ቤት ይህቺው ሰላምታ የእርስዎን ክፍል ፈቃድ እየጠበቀች ስለሆነ፣ ሌላ መንገድ ሁሉ ሲያልቅብኝ በአደባባይ ልጽፍልዎ ተገድጃለሁ። ቀደም ሲል በግል የላክኋቸው ደብዳቤዎች ሁሉ ወዲያው ወዲያው «መልእክትዎ ደርሶናል» የሚል መልስ አግኝተዋል። ስለዚህ መድረሳቸውን አልጠራጠርም፤ የሚከፍታቸው ሰው መኖሩን ነው የተጠራጠርኩት።

ማንነትን ማረጋገጥ ሥራዎ ስለሆነ ከማንነቴ ልጀምር። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ የምሠራውም በቤታችን የፊት ክፍል፣ መንገዱን በሚያየው መስኮት ሥር ነው። ባለቤቴ ዕድሜዋን ሙሉ የአንደኛ ክፍል ሕፃናትን ፊደል ስታስቆጥር የኖረች አስተማሪ ናት። አምና ጉሮሮዋ ውስጥ መጥፎ ዕጢ ተገኘባትና ሐኪሞቹ ሕይወቷን ለማትረፍ የድምፅ ሣጥኗን ከነጭራሹ አወጡት። አሁን የምትተነፍሰው አንገቷ ሥር በከፈቱላት ቀዳዳ ነው። ሕይወቷ ተርፏል፣ ተመስገን። ድምፅዋ አልተረፈም።

ከእኔ ጋር በትንሽ ጥቁር ሰሌዳ እንግባባለን። እሷ በጠመኔ ትጽፋለች፣ እኔ አነባለሁ፤ ስትቆጣ በትልልቁ ትጽፋለች፣ በጣም ስትቆጣ ደግሞ ጠመኔው ይሰበራል። በዚህ አንቸገርም። የምንቸገረው በእናቷ ነው። እኔ እማማ የምላቸው የባለቤቴ እናት ከእኛ ጋር ይኖራሉ፤ ዓይናቸው ከጠፋ ቆይቷል። እንግዲህ ክቡርነትዎ ይፍረዱ፦ ልጅ ታያለች እንጂ አትናገርም፣ እናት ይሰማሉ እንጂ አያዩም፣ ሁለቱም የሚውሉት በአንድ ክፍል ውስጥ ነው።

እማማ ዕድሜያቸው ስለገፋ የቅርቡን ነገር ይዘነጋሉ። የልጃቸውን ሕመም ጠዋት አስረዳቸዋለሁ፤ ያለቅሳሉ። ከሰዓት በኋላ «ይቺ ልጅ ምን አስቀይሜያት ነው የማታናግረኝ?» ይሉኛል። እንደገና አስረዳለሁ፣ እንደ አዲስ ያለቅሳሉ። አንዳንድ ቀን አንደበቴ ሲከዳኝ «ገበያ ሄዳለች» ብዬ እዋሻቸዋለሁ፤ ልጃቸው ግን እዚያው አጠገባቸው ተቀምጣ ሽንኩርት እየላጠች ነው። እሷ ውሸቴን ሰምታ ቀና ብላ አታየኝም። የእማማ ሐኪም ልባቸው እጅግ መድከሙን ነግሮናል። የምቸኩለው ለዚህ ነው እንጂ ትዕግሥት አጥቼ እንዳልሆነ ይረዱልኝ።

የሆስፒታሉ የንግግር ሕክምና ባለሙያ መፍትሔው ቀላል መሆኑን ነገረችን። በእጅ የሚያዝ ኮምፒውተር፣ ይህ ታብሌት የሚባለው፣ ቢኖረን የሚጻፍለትን በሴት ድምፅ የሚናገር ፕሮግራም ትጭንልናለች። እኛ ቤት ያለው ስልክ የድሮ ባለቁልፍ ስለሆነ ለዚህ አይሆንም፤ አዲስ ታብሌት ደግሞ ከአቅማችን በላይ ነው። ይህን የሰሙ አንዲት ደንበኛዬ የሟች ባላቸውን ታብሌት በርካሽ ሸጡልን። ባላቸው መሬት ቀያሽ ነበሩ፤ ሴትዮዋ የሐዘን ልብሳቸውን ሊለኩ መጥተው ነው ከእማማ ጋር የተዋወቁት። ፎቶዎቻቸውን ወደ ሌላ ቦታ አዛውረው፣ ጠርዙ ላይ የቀረውን የቀያሹን የእርሳስ ዱቄት እንኳ በመሐረባቸው ጠርገው ሰጡን።

ዕቃውን ለአዲስ ባለቤት የምናሰናዳበት ቀን ቤታችን ውስጥ ደስታ ነበር። ባለሙያዋ በመከረችን መሠረት የቀድሞውን ሁሉ አጥፍተን እንደ አዲስ አስነሣነው። ባለቤቴ መነጽሯን ወልውላ ቋንቋ መረጠች፣ ሰዓቱን አስተካከለች፣ ስሟን ጻፈች። እማማም ወንበራቸውን አስጠግተው «አሁን ልትናገር ነው?» እያሉ ይጠይቁኝ ነበር። «አሁን፣ ትንሽ ብቻ» አልኳቸው። በዚህ መሐል፣ ታብሌቱን ከሠራው መሥሪያ ቤትዎ፣ የእርስዎ ክፍል መስተዋቱ ላይ ብቅ አለና «ይህ ዕቃ ከቀድሞ ባለቤት ጋር የተያያዘ ነው፤ የቀድሞውን ባለቤት የይለፍ ቃል ያስገቡ» አለን። የቀያሹ ሚስት ተጠሩ፤ የይለፍ ቃሉን አያውቁትም። የልጆቻቸውን ስም ሞከሩ፣ የተጋቡበትን ዓመት ሞከሩ፣ በመጨረሻ ባላቸው በቁልምጫ ይጠሯቸው የነበረበትን ስም እኛ እንዳንሰማ እያፈሩ ሞከሩ። ዕቃው ለሁሉም አይሆንም አለ፤ ከዚያም ሙከራው በዛ ብሎ ጨርሶ ተዘጋ። ሴትዮዋ «ገንዘባችሁን ልመልስ» ብለው ለመኑን፤ በዚያ ዋጋ ሌላ እንደማናገኝ ስለምናውቅ እምቢ አልን።

ከዚያ ወዲህ መሥሪያ ቤትዎ ላደረገልን ሁሉ በቅደም ተከተል እንዳመሰግን ይፈቀድልኝ።

አንደኛ፣ የሟቹን ምስጢር ስለጠበቁልን አመሰግናለሁ። ታብሌቱ ባዶ ነው። ፎቶ የለበትም፣ ደብዳቤ የለበትም፣ የአንድ መሬት ስፋት እንኳ የለበትም። ምንም የሌለበትን ዕቃ እንዲህ አጥብቆ መጠበቅ በማንም ዘንድ ያልታየ ታማኝነት ነው። ቁልፉ የተሠራው ሌባን ለመከላከል እንደሆነ አስረድተውኛል፣ መልካም ሐሳብ ነው። ሌባ ሟቹን ባለቤት ይዞ መቅረብ አይችልም፤ እኔም አልቻልኩም። በዚህ እኔና ሌባው መመሳሰላችንን ግን በቅንነት አምናለሁ።

ሁለተኛ፣ በቅርንጫፍ ቢሮዎ መስኮት ላይ የተቀመጡትን ሠራተኛ ስለ መልካም ጠባያቸው አመሰግናለሁ። ከቀያሹ ሚስት ጋር ሆነን የሞት ምስክር ወረቀት ይዘን ቀረብን። ሠራተኛው ወረቀቱን በአክብሮት አነበቡ፣ ሐዘናቸውን ገለጹ፣ ከዚያም «ያው ቢሆንም የአካውንቱ ባለቤት ራሳቸው ቢቀርቡ ይሻላል» አሉ። ሴትዮዋ የሰሙትን ስላላመኑ «ሞተዋል እኮ ነው የምልህ፣ ልጄ» አሏቸው። «ይገባኛል፣ እናቴ። እኔ አምኛለሁ፤ ሲስተሙ ነው ያላመነው» ብለው መለሱላቸው። ሲስተሙን አግኝተን እንድናስረዳ ብንለምንም ከማንም ጋር እንደማይገናኝ ተነገረን። የማረጋገጫ ኮዱ ወደ ሟቹ ስልክ እንደተላከም አበሰሩን። ስልኩ ከሞቱ ወዲህ ተዘግቷል። ከዚያ ስንወጣ ሴትዮዋ ደረጃው ላይ ለብዙ ጊዜ ተቀመጡ፤ «እኔም ማመን ያቃተኝ ጊዜ ነበር፣ ግን እኔ ሚስቱ ነኝ» አሉኝ። ይህን ለሲስተሙ ቢያደርሱልኝ ደስ ይለኛል።

ሦስተኛው ምስጋናዬ ከባድ ስለሆነ ቢረዝም ይቅር ይበሉኝ። ከብዙ ደጅ ጥናት በኋላ አንድ በር ተከፈተልን፦ አዲሷ ባለቤት ራሷ በስልክ ደውላ ስሟንና ፈቃዷን በድምፅ ካስመዘገበች ጉዳዩ እንደሚታይ ተጻፈልን። በድምፅ። መናገር እንደማትችል፣ ዕቃውን የፈለግነውም ለዚሁ እንደሆነ የሐኪም ማስረጃ አያይዤ ጻፍኩ። «በጽሑፍ የሚቀርብ ማረጋገጫ አንቀበልም» የሚል መልስ መጣ። ደውዬ እኔ በእሷ ፈንታ ልናገር ስል ባለቤቴ ስልኩን ከእጄ ወሰደችው። ምን እንዳሰበች አላውቅም። ምናልባት ዕድሜ ልኳን ክፍል ውስጥ ስም ስትጠራ የኖረች ሴት የራሷን ስም መጥራት የሚያቅታት አልመሰላትም። ከንፈሯ ስሟን አለ፤ አንገቷ ሥር ካለው ቀዳዳ ግን አየር ብቻ ወጣ። ስልኩ «አልሰማንዎትም፤ እባክዎ ድምፅዎን ከፍ አድርገው ይድገሙ» አላት። ደገመች። አሁንም «ከፍ አድርገው» አላት። ስልኩን ቀስ ብላ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ፣ ንጹሕ የነበሩትን ሳህኖች ሁሉ አውርዳ እንደገና ስታጥብ ዋለች። ከዚያ በኋላ ለብዙ ቀን ጠመኔ አልነካችም፤ በሰሌዳውም እንኳ ዝም አለችኝ። ከእኔ ጋር የቀረችውን አንዲት መንገድ ስለዘጉልን ከልብ አመሰግናለሁ።

አራተኛውን ከምስጋና ልቁጠረው ወይስ ከሌላ፣ እርስዎ ይወስኑ። ወደ ክፍልዎ ስደውል ስልኩን በድምፅ ማጉያ አድርጌ የስፌት መኪናዬ ላይ አስቀምጠውና ተራዬ እስኪደርስ እሰፋለሁ። አንድ ቀን እንዲሁ ስጠብቅ እማማ ወንበራቸው ላይ ነበሩ። ከስልኩ ያቺ ለስላሳ የተቀዳች ሴት «ስለጠበቁን እናመሰግናለን፤ እርስዎ ለእኛ ክቡር ነዎት፤ እባክዎ ጥቂት ይታገሡን» አለች። እማማ ፊታቸው በራ። ሁሉን የሚረሱት ሴት፣ «ልጅዎ በማሽን ልትናገር ነው» ያልኳቸውን ብቻ አልረሱም ነበር። እጃቸውን ወደ ድምፁ ዘርግተው «እታገሣለሁ፣ የኔ ልጅ። የት እሄዳለሁ? ብቻ ስታናግሪኝ አንቱ አትበዪኝ» አሉ። ባለቤቴ በሩ ላይ ቆማ ትሰማ ነበር። እኔ መኪናውን አቆምኩ። ልጅዎ አይደለችም ልላቸው አፌን ከፈትኩና ባለቤቴን አየኋት፤ እሷም እጇን አወዛውዛ «ተው» አለችኝ። ያቺ ሴት እየደጋገመች አመሰገነቻቸው፣ እማማም እየደጋገሙ መለሱላት፣ ሠራተኛ ሳያነሳው መስመሩ እስኪቋረጥ ድረስ። «ደከማት መሰል» አሉና የዘረጉትን እጃቸውን ሰበሰቡ።

ክቡርነትዎ፣ በማግስቱ ባለቤቴ ያደረገችውን ልንገርዎ፣ ምክንያቱም ጉዳዩ ተፈቶላቸዋል ብለው መዝገቡን እንዳይዘጉት እሰጋለሁ። እማማ ፊደል የተማሩት ትልቅ ሰው ከሆኑ በኋላ ነው፤ ያስተማረቻቸውም ያኔ የመምህራን ኮሌጅ ተማሪ የነበረችው ልጃቸው ናት። ባለቤቴ ይህን አስባ ኖሯል፣ የእናቷን ቀኝ መዳፍ ዘርግታ በጣቷ ፊደል መጻፍ ጀመረች። እማማ መጀመሪያ ኰረኰርሽኝ ብለው ሳቁ። ቀጥሎ «ለ» ን «ሰ» አሏት፣ እሷም መዳፋቸውን በመዳፏ እንደ ሰሌዳ ጠርጋ እንደገና ጻፈች። ጠረገች፣ ጻፈች። ቀኑ መሸት ሲል እማማ ቀጥ ብለው ተቀመጡና አንድ በአንድ «አ… ለ… ሁ» አሉ። «አለሁ?» አሉ። ባለቤቴ እጃቸውን ጨብጣ ነቀነቀችው። እኔ እዚያው የማላውቀውን ሰው ሱሪ በእንባዬ አበላሸሁት።

እማማ ግን «ካለሽ ታዲያ ለምን አታናግሪኝም?» አሏት።

ባለቤቴ ለዚህ መልስ ጣቷን አነሣች። ዕጢውን፣ ሐኪሙን፣ ቀዶ ጥገናውን፣ አለመቀየሟን፣ ምንም እንዳልበደሏት፣ ምን ያህል እንደምትወዳቸው በየትኛው ፊደል እንደምትጀምር አላወቀችም። ጣቷ አየር ላይ ቀረ። እማማም መዳፋቸውን ዘርግተው ጠበቁ፤ ከዚያ እንቅልፍ ወሰዳቸው። ጠዋት ሲነሱ «አለሁ» የምትለዋን አስታወሱ፣ ጥያቄውንም አስታወሱ፣ ያቺኑ መዳፍ ዘረጉ። በየቀኑ ይዘረጋሉ። እጃቸው ከሳምንት ሳምንት ሲቀዘቅዝ በባለቤቴ ፊት ላይ አነባለሁ።

እኔ ዕውቀት የለኝም፤ መለካት፣ መቁረጥና መስፋት ነው የማውቀው። ሆኖም በእርስዎ በኩል አንድ ቁልፍ የሚነካ አንድ ሰው እንዳለ አምናለሁ። ለዚያ ሰው የምለው ብቻ ያለ ምፀት ነው፦ እባክህ፣ ወይም እባክሽ፣ እማማ ሳይሄዱ ክፈቱልን። ሌላ ምንም አንፈልግም።

ባለቤቴ ይህን ደብዳቤ አንብባ የፊደል ስሕተቴን በቀይ አርማለች፣ እርስዎን የሚመለከቱ ሁለት ቃላትም ሰርዛለች። ጨዋነቱ የእሷ ነው፤ የቀረውን ሁሉ ከእኔ ይቁጠሩት።

ለክቡር ሲስተምዎ ጽኑ ጤንነትን፣ ለክፍልዎ የማይደፈር በርን፣ ለእርስዎ በግልዎ ደግሞ ሲጠሯት «አቤት» የምትል ሰው ከቤትዎ እንዳትጠፋ እየተመኘሁ፣ መዳፍ ተዘርግቶ ከሚጠበቅበት ቤት እጅ እነሣለሁ።

ፈቃድዎን በመጠባበቅ ላይ ያለው
ልብስ ሰፊው

ማስታወሻ፦ ደብዳቤውን ልልክ ስል የቀያሹ ሚስት ስልካቸውን ይዘው መጡ። ባላቸው ተጨማሪ አድራሻ ብለው የሚስታቸውንም ቁጥር አስመዝግበው ኖሯል። ይህ ቁጥር ለማረጋገጫ ኮድ እንደማይበቃ ክፍልዎ ቀደም ብሎ ወስኗል፤ ዛሬ ግን ለሟቹ «ውድ ደንበኛችን፣ እንኳን ለልደትዎ አደረስዎ፤ ረጅም ዕድሜ እንመኛለን» የሚል መልእክት ልካችሁበታል። ሴትዮዋ እንደማይቀየሙ እንድነግርዎ አዘውኛል። ባላቸው ራሳቸው ይቅረቡ የሚለው ውሳኔ የጸና ከሆነም፣ ሚስታቸው እሑድ እሑድ አበባ ይዘው ስለሚሄዱ፣ የሚያስፈርም ሠራተኛ ቢልኩ መቃብሩን በደስታ ያሳዩታል።