በሕያዋን ፎቶ ዙሪያ ስለተሰመረው ጥቁር ክፈፍ

ለክቡር አቶ ቬንሲስላቭ ራይኮቭ
የማዘጋጃ ቤታችን የመረጃ ክፍል ኃላፊ

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እጠይቃለሁ። በተለይ የእርስዎ ጤና ለምን እንዳሳሰበኝ ከደብዳቤው ግርጌ ያገኙታል። እኛ የካሜንያክ መንደር ሰዎች፣ ድረ ገጻችን ላይ ከሚታየው በተቃራኒ፣ በሕይወት አለን።

ሠላሳ ስምንት ዓመት ሒሳብ አስተምሬ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ የመንደሩን ንባብ ቤት ድረ ገጽ የምጠብቀው እኔ ነኝ። ባለፈው ሰኞ መሥሪያ ቤትዎ ማንንም ሳይጠይቅ፣ ስለዚህም ማንንም ሳያደክም፣ የድረ ገጹን ገጽታ በአዲስ ስለቀየረልን ልባዊ ምስጋናዬን አቀርባለሁ። ከምስጋናው ጋር የሚከተሉትን አያይዣለሁ።

፩. አዲሱ ገጽታ የሴቶች የዘፈን ቡድናችንን የዘጠኝ አባላት ፎቶ ቀለሙን አጥፍቶ እያንዳንዱን በጥቁር ክፈፍ ከቦታል። ከፎቶው ሥር ስም፣ ከስሙ ቀጥሎ የትውልድ ዓመት፣ ከዓመቱ ቀጥሎ ሰረዝ፣ ከሰረዙ ቀጥሎ ባዶ ቦታ አለ። የሒሳብ መምህር ነበርኩና ባዶ ቦታ ምን እንደሚጠብቅ አውቃለሁ። ባለሙያዎ በስልክ «ክፈፉ እኮ ለውበት ነው፣ እትዬ ነዴልያ» ብሎኛል። በየበሩና በየመብራት ምሰሶው የሚለጠፈውን ባለ ፎቶና ባለ ጥቁር ክፈፍ የሞት ማስታወቂያ አንድም ቀን ሳያይ እዚህ አገር ማደጉ ያስደንቃል።

፪. በማግስቱ ከላይ ሰፈር ጋና የምትባል ሴት ሁለት ነጭ አበባ ይዛ የቡድናችንን አባል የዶችካን በር አንኳኳች። የከፈተችላት ራሷ ዶችካ ነበረች።

«ውይ! አለሽ እንዴ?»

«አለሁ፣ የተጠበሰ ቃሪያ እየላጥኩ ነው። አንቺ ጥንድ አበባ ይዘሽ በሬ ላይ የምትገተሪው ምን ነክቶሽ ነው?»

ለሕያው ሰው አበባ በጎዶሎ ቁጥር፣ ለሟች ደግሞ በጥንድ እንደሚሰጥ ለእርስዎ ማስረዳት ድፍረት ይሆንብኛል።

፫. ይህን ላስተካክል የገጽ ማረሚያውን ስከፍት ባዶ ነጭ ገጽ ላይ አንዲት ትንሽ ክብ ትዞራለች። አርባ ደቂቃ ጠበቅኳት። እኔ የሹራብ ካልሲ ተረከዝ ሠርቼ ጨረስኩ፤ እሷ አልጨረሰችም። ባለሙያዎ ጥፋቱ የኮምፒውተሬ መሆኑን ሳያየው ስላወቀ፣ በንባብ ቤቱ፣ በመንደሩ ሹምና በቄሱ ኮምፒውተር ሞከርኩ። ድረ ገጽ የምከፍትበትን ማሰሻ ቀየርኩ፣ ያጠራቀመውን አሮጌ መረጃ አጸዳሁ፣ በድረ ገጹ ላይ የተጫኑትን አሥራ አንድ ተጨማሪ መሣሪያዎች አንድ በአንድ አጥፍቼ አንድ በአንድ መለስኩ፤ ውጤቱንም ከነሰዓቱ በደብተር አሰፈርኩ። በመጨረሻ በድረ ገጹ የሙከራ ቅጂ ላይ አሮጌውን ገጽታ መለስኩ፤ ማረሚያው በአራት ሰከንድ ተከፈተ። አዲሱን አደረግኩ፤ ክቧ መዞር ጀመረች። ሦስት ጊዜ ደገምኩት። እኔ ባስተማርኩበት ትምህርት ቤት ይህ ማረጋገጫ ይባል ነበር፤ እርስዎ ዘንድ «እናየዋለን» ይባላል። በዋናው ድረ ገጽ ላይ ገጽታ የመቀየር ፈቃድ ግን ከሰኞ ጀምሮ የእናንተ ብቻ ሆኗል።

፬. የዶችካ ወንድም ሉበን የሚኖረው ውጭ አገር፣ ቫሌንሲያ ከተማ ነው። በአንድ የፕሪም ዛፍ ሰበብ ከእህቱ ጋር ከተኮራረፉ ዘጠኝ ዓመት ሆናቸው። ሆኖም በየእሑዱ ድረ ገጻችንን ከፍቶ ፎቶዋን እንደሚያይ ሴት ልጁ ነግራናለች፤ ዶችካም ይህን ከሰማች ወዲህ ፎቶ ስንነሳ ከፊት ነው የምትቆመው። አሁን ሉበን የልብ ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት ሆስፒታል ተኝቷል፤ ቅዳሜ ይወጣል። ልጁ ስልኩን ደብቃበታለች፣ ግን ገጹን የሚከፍትበት እሑድ መምጣቱ አይቀርም። «እህትህ አልሞተችም» ብሎ ለልብ ሕመምተኛ ወሬ የሚጀምር ሰው እስካሁን አልተገኘም። ዶችካን ደውይለት ብንላት «ዛፉን የቆረጠው ይደውል» አለችን።

ስለዚህ የምለምንዎ አሮጌውን ገጽታ ለአምስት ደቂቃ ብቻ እንዲመልሱልን ነው። ቀሪውን እኔ እሠራዋለሁ።

ድረ ገጹ ላይ መጻፍ ስላልተቻለ፣ የዚህን ደብዳቤ ቅጂ የሞት ማስታወቂያ በሚለጠፍበት በንባብ ቤቱ በር ላይ ለጥፌዋለሁ። እዚያ ሁሉም ያነበዋል።

የመሥሪያ ቤትዎን ትጋት በየሰዓቱ በደብተሬ ከማስፈር ያልቦዘንኩ፣
አክባሪዎ ነዴልያ ኮቫንጂዬቫ
ረቡዕ፣ ካሜንያክ

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ ዛሬ ዓርብ ነው፤ ክቧ አሁንም እየዞረች ነው። ሉበን ከነርሷ ስልክ ተውሶ ገጹን አይቷል። ጠዋት ዶችካ ቤት ደውሎ፣ ያነሳችው ማን እንደሆነች ሳያውቅ፣ «ቀብሩ መቼ ነው?» አለ። እሷም «ዛፉን መጥተህ ሳትተክል አልቀበርም» አለችው። ልቡ ችሎታል፤ ለዚህ የማመሰግነው የቫሌንሲያን ሐኪሞች ነው። ችግኙን ይዞ በሚቀጥለው ወር ይመጣል።

በዚያው ገጽ ላይ አሥረኛው ፎቶ፣ የንባብ ቤቱን አዲስ ጣሪያ ሲመርቁ የተነሱት፣ የእርስዎ ነው፤ ክፈፉም ሰረዙም አለው። ማረሚያው ስላልተከፈተልኝ ልረዳዎ አልቻልኩም። ዶችካ የጋናን አበባዎች አልቀበልም ስላለች፣ ሁለቱንም ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬልዎታለሁ።