ስለ ማለቅለቂያው ውሃ

ለተከበሩ፣ ከግንቡ ማዶ ላለው የኮምፒውተር መረጃ ማዕከል ዋና ሥራ አስኪያጅ፦

እንደምን ሰንብተዋል? ጤናዎ ከማሽኖችዎ ባላነሰ እንክብካቤ ይጠበቅ፣ ትንሽ ሞቅ ባለዎ ቁጥርም እንደ እነርሱ የሰፈሩ ውሃ በሙሉ ይፍሰስልዎ እያልኩ ሰላምታዬን በታላቅ አክብሮት አቀርባለሁ። እኔ ከግንብዎ ወዲህ ላውንደሪ ከፍቼ አሥራ አንድ ዓመት የሰፈሩን ልብስ፣ ካለፈው ዓመት ወዲህ ደግሞ የባለሙያዎችዎን ነጭ ጋዋን የማጥብ ጎረቤትዎ ነኝ።

፩. አስቀድሜ ላመስግን። ድሮ ቧንቧችን ሲደርቅ ውሃው የት እንደሚሄድ አናውቅም ነበር፤ ዛሬ ግን የሚያስቡት ማሽኖችዎ ከቀዘቀዙበት በኋላ በጣሪያዎ በኩል ነጭ እንፋሎት ሆኖ ሲወጣ ሁላችንም በዓይናችን እናየዋለን። እንዲህ ያለ ግልጽነት ከየትም መሥሪያ ቤት አላገኘንም።

፪. አቤት ልል ብመጣ የጥበቃ ሠራተኛዎ ቅሬታ የሚሰማው ሰው ሳይሆን ሰው ሠራሽ አስተውሎት መሆኑን ገልጾ በሩ ላይ ያለውን ስክሪን አሳየኝ። ውሃዬ የት ገባ ብዬ ብጠይቀው ስለ ደመና አፈጣጠር በሰፊው ካስረዳኝ በኋላ በቀን ስምንት ብርጭቆ ውሃ እንድጠጣ መከረኝ። ለእያንዳንዱ መልስ እርሱም ውሃ እንደሚፈልግ የሰማሁት ዘግይቼ ነው። አርባ ሦስት ጊዜ በመጠየቄ ስላለቀው ውሃ ከልብ ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ ባለቤቴማ ሰፈሩን ያደረቅሽው አንቺ ነሽ ብሎ ፊት ነስቶኛል።

፫. ይኸው ማሽንዎ ጋዋኖቹ ስለዘገዩ በሰባት ቀን ውስጥ ታጥበው ካልቀረቡ ውላችን እንደሚቋረጥ በጨዋ ቋንቋ ጽፎልኛል። እዚህ ላይ ቀልዱ አልቆብኛል። አብረውኝ የሚያጥቡት እህቴና የወንድሜ ሚስት ናቸው፤ ላውንደሪው ከተዘጋ ሦስታችንም ሌላ እንጀራ የለንም፣ እኔም ፈርቻለሁ።

፬. ድፍረት ካልሆነብኝ የሙያ ምስጢር ላካፍልዎ። አጣቢ የመጨረሻውን ማለቅለቂያ አትደፋም፤ ለሚቀጥለው ልብስ መዘፍዘፊያ ታደርገዋለች፣ እሱም ሲቆሽሽ ወለል ታጥብበታለች። እኛ በአንድ ባልዲ ሦስቴ ስንሠራ የእርስዎ ማሽን ግን የሚጠጣውን ንጹሕ ውሃ አንዴ ቀምሶ ወደ ሰማይ ይለቀዋል። ያንኑ ውሃ አቀዝቅዘው መልሰው ቢያዞሩት፣ የጎደለውንም ከእኛ እጣቢ አጣርተው ቢሞሉት፣ ሳሙና ሸተተኝ ብሎ የሚያኮርፍ አይመስለኝም። ይህንን ሐሳብ ለስክሪኑ ያልነገርኩት ውሃ ለመቆጠብ ስል ነው።

ውድ ጊዜዎን ስለተሻማሁ ይቅርታዎን እየለመንኩ፣ ደረቅ ባልዲዬን አቅፌ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እነሳለሁ።

ምንጊዜም አክባሪዎ፣
ከግንቡ ወዲህ ያለችው አጣቢ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ማዕከልዎ በውሃ ቁጠባ ስለሚሸለም ነገ መድረክ ላይ እንዲለብሱት የላኩልኝን ነጭ ሸሚዝ በሳሙና አሽቼ እንደጨረስኩ ቧንቧው ቀጥ አለ፤ አሁን አረፋው ደርቆበት እንደ ካርቶን ቆሟል። ማለቅለቂያው ያለው እርስዎ ዘንድ ነውና እባክዎ አንድ ባልዲ ይላኩልኝ። ካልሆነም እንዳለ ሊለብሱት ይችላሉ፤ ብቻ ስለ ውሃ ቁጠባ ሲናገሩ እንዳያልብዎ፣ በሕዝብ ፊት አረፋ ይደፍቃሉ።