ማክሰኞ የነቀዝ ተራ ነው

ውድ እማዬ፣

እንዴት ሰነበትሽ፣ ጤናሽስ ብዬ መጀመር ነበረብኝ። ግን ጤናሽን ከእኔ ቀድመው የሚያውቁ ሰዎች ስላሉሽ እሱን ለእነሱ ትቼዋለሁ። ትናንት ተሰናብቼሽ አውቶቡስ ላይ ገና ከመቀመጤ፣ ያቺ ስለ ነቀዝ የምታጠናው፣ እናንተም ነቀዝ የምትሏት ልጅ ደወለችልኝ። «ደስ ይበልዎት፣ እማማ ተደግፈው እስከ መስኮቱ ሄዱ!» አለችኝ። የእናቴን ወሬ ከእሷ ልስማ? ከባለቤቱ ያወቀ ቡዳ ነው ይላሉ፤ እኔ አይደለሁም ያልኩት።

ተናድጄ ነው የምጽፈው፣ ቀድመሽ እወቂው። መናደድ ብቻም አይደለም፣ ቀንቻለሁ። በዚህ ዕድሜዬ፣ ራሴ የልጆች እናት ሆኜ፣ በእናቴ መቅናት ያሳፍራል አይደል? ያሳፍራል። ግን ቀንቻለሁ፣ ምን ላድርግ።

ሳስበው የነፍሳት ተመራማሪዎች ማኅበራችሁ ታላቅ ወንድሜ ነው። ከእኔ በፊት ተወለደ፣ ከእኔ በላይ ታቀፈ። ዓመታዊው ጉባኤ በደረሰ ቁጥር ሳሎናችን የእነሱ ነበር። ወጣቶቹ አባላት ንግግራቸውን ሊለማመዱ ይመጣሉ፣ ግድግዳው ላይ አንሶላ ይሰቀላል፣ የምስጥና የአንበጣ ሥዕል ይታያል። እኔ የቤት ሥራዬን ኩሽና ውስጥ ቆሜ እሠራለሁ። እናንተ ዘንድ ደግሞ ሰው በስሙ አይጠራም፣ በሚያጠናው ነፍሳት ነው እንጂ። አንዱ ምስጥ፣ አንዷ ነቀዝ። አንቺን ብቻ ሁሉም «እማማ» ይሉሻል። ልጅ ሆኜ ያን ስሰማ ደሜ ይፈላ ነበር። አሁንም ይፈላል።

መልካም አይሠሩም አልልም፣ አፌ ቁርጥ ይበል። ኮንትራቱ ላለቀበት ሥራ ያፈላልጋሉ። ማመልከቻ መጻፍ ያቃተውን አጠገቡ ቁጭ ብለው ያቃኑታል። የመንገድ ወጪ ለሌለው ያዋጣሉ። አንዲት አራስ ጥናቷን መድረክ ላይ ስታቀርብ አንቺ ሕፃኗን አቅፈሽ አዳራሹ ኋላ ስትንጎራደጂ በፎቶ አይቻለሁ። ያን ፎቶ ሳይ መጀመሪያ የመጣብኝ ምን መሰለሽ? «የእኔን ልጆች እንዲህ አቅፋ ታውቃለች?» የሚል። አቅፈሻቸዋል፣ አውቃለሁ። ቅናት ግን ምስክር አይሰማም።

ከጉባኤው አዳራሽ ደረጃ ላይ ወድቀሽ ዳሌሽ ተሰበረ ሲሉኝ፣ የደንበኛ መጋረጃ የስፌት መኪናው ላይ እንደተወጠረ ትቼ፣ ሱቄን ዘግቼ፣ ጨርቄን ማቄን ሳልል ተነሣሁ። የሆስፒታሉን ክፍል በር ብከፍት፣ አንዲት ቀጭን ልጅ መነጽሯን ወደ ላይ እየገፋች ብድግ አለች።

«ይቅርታ፣ ተራዎ መቼ ነው?»

«የምን ተራ?»

«የማስታመም። ማክሰኞ የኔ ነው። ምስጥ ነው የደለደለን።»

«ልጇ ነኝ» አልኳት።

ልጅቷ አፏን በእጇ ያዘች። «ውይ! ለልጅ ተራ አላወጣንም!»

እስቲ አስቢው! ቤተ ሙከራ ውስጥ ነፍሳቱን ማን ይመግብ፣ ሙቀቱን ማን ይለካ እያሉ ተራ ሲያወጡ እንደኖሩት፣ አንቺንም በዚያው ልማድ ተከፋፈሉሽ። አባላቱን በሙሉ አስታወሱ፣ እኔን ረሱ። ምስጥ፣ ያ ሽበታሙ ሊቀመንበራችሁ፣ ይህን ሲሰማ ደንግጦ እየሮጠ መጣ። ይቅርታ ሲጠይቀኝ ቆይቶ መጨረሻ ላይ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «በየሁለት ሳምንቱ እሑድ እሑድ እርስዎን ብናደርግ ይመችዎታል?» ለገዛ እናቴ! አንቺ ደግሞ አልጋው ላይ ሆነሽ ሳቅ በሳቅ ሆንሽ። «አታስቁኝ፣ የኦፕራሲዮኔን ስፌት ታስፈቱታላችሁ» አልሽ። ሁላችሁም ሳቃችሁ። እኔም ሳቅሁ፣ ሳልወድ በግዴ።

በማግስቱ ይባስ ብሎ ያቺው ልጅ፣ ነቀዝ፣ ለቋሚ ሥራ የምትወዳደርበትን ንግግር ልትለማመድ መጣች። «ተይኝ፣ ዳሌዬ ተሰብሯል» ትያታለሽ ብዬ ስጠብቅ፣ ትራሱን ከፍ አድርጊልኝ አልሽኝ። አደረግሁልሽ። ልጅቷ ስትናገር ዓይንሽን ጨፈንሽ፣ የተኛሽ መስሎኝ ደስ አለኝ። ለካስ ጥያቄ እያሰብሽላት ነው። የማኅበራችሁን ደንብ መቼ አጣሁት? ጀማሪ ሲጨርስ የመጀመሪያውን ጥያቄ የሚጠይቀው ከታላላቆቹ ኃላፊነቱን የወሰደለት ሰው ነው፤ አዳራሹ ዝም እንዳይልበት፣ ወይም ክፉ ሰው እንዳይቀድምበት። ጥያቄው ልጁ የሚመልሰው መሆን አለበት፣ ግን የሚናቅ መሆን የለበትም። «እስቲ ንገሪኝ» አልሻት ዓይንሽን ገልጠሽ፣ «ክረምት ላይ ጎተራው ሲረጥብ ይህ የነቀዝ መከላከያ ዘዴሽ ምን ይሆናል?» የልጅቷ ፊት በራ። ያንቺም በራ። የሁለታችሁ ፊት እንደዚያ ሲበራ እኔ የውኃ ብርጭቆ ይዤ ቆሜያለሁ።

እማዬ፣ እኔን እንደዚያ ጠይቀሽኝ ታውቂያለሽ? ሱቄን የከፈትኩ ዕለት መጥተሽ «ደስ ይላል» አልሽ፣ ሻይሽን ጠጣሽ፣ ስብሰባ አለኝ ብለሽ ሄድሽ። ብርሃን አሳልፎ ጎረቤት የማያሳይ ጨርቅ እንዴት እንደምመርጥ አትጠይቂም? ግድግዳው ጠማማ የሆነ ቤት መጋረጃው ቀጥ ብሎ እንዲወርድ የማደርገው እንዴት እንደሆነ? ይህም እኮ ዕውቀት ነው! ስንት ዓመት ጥያቄ ስጠብቅ እንደኖርኩ ያወቅሁት ያን ቀን ነው።

ከዚያ ምስጥ ኮሪደሩ ላይ አስቆመኝ። ማኅበሩ ከቤተ መጻሕፍቱ ጎን፣ ምድር ቤት፣ የእንግዳ ክፍል አለው። ደረጃ የለውም። እስክትድኚ፣ ከዚያም በኋላ ከፈለግሽ፣ እዚያ እንድትሆኚ፣ በተራ እንዲጠብቁሽ፣ ወጣቶቹም ካንቺ እንዲማሩ ነው ያሰቡት። «እማማም ደስ ብሏቸዋል» አለኝ። ቀጥሎ ግን አንገቱን ደፍቶ፣ «እርስዎ እሺ ካላሉ አናደርገውም፤ ቃሉ የእርስዎ ነው» አለ።

ቃሉ የእኔ ነው! እኔ ደግሞ አንቺን ወደ ቤቴ ልወስድሽ ቤት ደውዬ የልጆቹን ክፍል አስለቅቄ፣ አልጋ አስገብቼ ነበር። እንቢ ብል ማን ይናገረኛል? ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ከዚያ እኔ ቤት ታየሽኝ። እኔ ሱቅ፣ ልጆቹ ትምህርት ቤት፣ አንቺ መስኮት ላይ። ስልክሽ ሲጮኽ ዓይንሽ ሲበራ፣ እኔ በር ከፍቼ ስገባ «አንቺ ነሽ እንዴ» ስትይኝ ሰማሁ። ገና ሳይሆን አንገበገበኝ። «ላስብበት» ብዬው ወጣሁ።

ልሰናበትሽ ስመጣ ያ አዲሱ አባል፣ አበባ የያዘው ልጅ፣ «እሳቸው ማን ናቸው?» ብሎ ጠየቀሽ። «አባል አይደለችም፣ ልጄ ናት» አልሽው። በዚያ ቅደም ተከተል። ክፋት እንዳላሰብሽ አውቃለሁ፤ አውቶቡሱ እዚህ እስኪደርስ ግን ከጆሮዬ አልወጣም።

እንግዲህ ቃሌ ይኸውልሽ፦ እዚያው ሁኚ። ዛሬ ጠዋት ለምስጥ ደውዬ ነግሬዋለሁ። ደግነት እንዳይመስልሽ፣ አሁንም ቅናት ነው። እኔ ዘንድ ተቀምጠሽ እነሱን ስትናፍቂ ከማይ፣ እነሱ ዘንድ ተቀምጠሽ እኔን ብትናፍቂ ይሻለኛል። ናፍቂኝ፣ እሺ? ትንሽም ቢሆን።

በየሁለት ሳምንቱ እሑድ የሚባለውን ግን አልቀበልም። ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ሙሉ ቀን፣ የኔ ነው። ምስጥ «መደልደያው ይናጋል» ብሎ ሊከራከር ሞክሮ ነበር፤ ይናጋ አልኩት። ቅዳሜ ነቀዝም ብትሆን ደጁን አትረግጥም። ምናልባት ሳያውቅ የገባ ሰው ካለና ማን ናት ካለሽ፣ «ልጄ ናት» በይው። እዚያ ላይ አቁሚ።

የወለድሽኝ ልጅሽ