ቀለም የዋጠው የቤልሚሮ ምልክት

ወዳጄ ሴራፊም፣

ጀልባችን ተፈልጣ ማገዶ ሆናለች ያልከው ውሸት ነው። እዚህ ፖርቶ ከተማ፣ ወንዙ ዳር በዓይኔ አየኋት። ባዶ የወይን ጠጅ በርሜል ጭነውባት አገር ጎብኚ ሁሉ ፎቶ ይነሳባታል። እኛ ጋ፣ ከላይ፣ ከዓለት እየተላተመች ትወርድ የነበረችው ጀልባ እዚህ እንደ ሙሽራ ተቀብታ ታስራለች።

ማንንም ሳልጠይቅ መሪው መቅዘፊያ ጋ ወጣሁ። ዘበኛው፣ «አባባ፣ ይውረዱ እንጂ! ወድቀው ጣጣ ሊያመጡብኝ ነው?» ብሎ ጮኸ። «አንተ ሳትወለድ እዚሁ ቆሜ ይህን ወንዝ ወርጄዋለሁ፤ ዝም በል!» አልኩት።

ወንዙ ለወሰደብን ሰው ሁሉ በጀልባዋ እንጨት ላይ በቢላ እንቆርጠው የነበረውን ምልክት ፈለግሁ። ቀለም ውጦታል። ተንበርክኬ በቤቴ ቁልፍ ፋቅሁት። የድሮዎቹ ሁለቱ ወጡ። ሦስተኛውም ወጣ፤ የወንድምህ የቤልሚሮ፣ አጣመህ የቆረጥከው። ሬሳው አልተገኘም፣ መቃብር የለውም እያልክ ስንት ዓመት አለቀስክ። ይኸው አለው።

ዘበኛው ሊቆጣ መጥቶ፣ «ምንድን ነው የሚፍቁት?» አለኝ።

«ሰው ነው» አልኩት።

ምልክቱን አየና ባርኔጣውን አወለቀ።

የምትጽፍልኝ የልጅ ልጄ ግራሳ፣ «አያቴ፣ ፖስት ካርዱ ሞላ» ትለኛለች። ባለቤትህን ኦዴትን ሳምልኝ። ዓይንህ ስለደከመ ይህን ሌላ ሰው ያነብልሃል፤ የካርዱን ጠርዝ ግን አንተው በጣትህ ዳስሰው። ሦስት ቦታ በቢላ ቆርጬዋለሁ። ጠማማው የእሱ ነው።

አዴሊኖ