ቴርማሉ፣ ዲጂታሉና የእትዬ ጽጌ ቃሪያ

ሰኞ

አሳማዎቹ እንደገና ገቡ! እትዬ ጽጌ ገና ሳይነጋ ደውለው፣ «አረሱልኝ እኮ! ያለ በሬ አረሱልኝ!» አሉኝ። ከማኪኒ ከተማ ወጣ ብሎ በተከራዩት መሬት ላይ ያለው ቃሪያቸው ነው። ሦስት ረድፍ ከነሥሩ ተገልብጧል። የሚለቀመው የዛሬ ሳምንት፣ ለቃሚ ተቀጥሮ አልቋል። እትዬ ጽጌ የነርሲንግ ሆም፣ የአረጋውያን መጦሪያ፣ ሥራቸውን ትተው ዓመቱን ሙሉ የደከሙት ለዚህ ነው። የዱር አሳማዎቹ አንዴ ደግመው ከገቡ ለቃሚዎቹ መምጣት አያስፈልጋቸውም።

እናም ባሌ ሰሎሞንና ጓደኛው በረከት እንጠብቃለን ብለው ቃል ገቡ። ሁለቱም ሹፌሮች ናቸው። ሰሎሞን ከሌዊስቪል መጋዘን ትራክ ይነዳል፣ በረከት ኤርፖርት መንገደኛ ያመላልሳል። እረፍት ሲያገኙ ደግሞ አጋዘን አደን ነው። ጠመንጃ አላቸው፣ ጥሩ የቀን ስኮፕ፣ ማነጣጠሪያ መነጽር፣ አላቸው። የጎደላቸው የማታ ዓይን ነው። ስኮፑን ፈትቶ በማታ ስኮፕ መቀየር ግን አይታሰብም። «ያንን ስኮፕ ለማስተካከል የፈጀሁትን ጥይት እኔ ነኝ የማውቀው!» ይላል ሰሎሞን። ስለዚህ ክሊፕ ኦን የሚሉት ነገር ይሻላል። ከስኮፑ ፊት ይሰካል፣ ሲነጋ ይነቀላል፣ ስኮፑ ካለበት ንቅንቅ አይልም።

እስከዚህ ተስማምተዋል። ከዚህ በኋላ ጦርነት ነው።

ሰሎሞን ያስመጣው ቴርማል ነው፣ ሙቀት የሚያይ። በረከት ያስመጣው ዲጂታል፣ ለሰው ዓይን በማይታይ መብራት ጨለማውን የሚያይ። የተሸነፈው ለሻጩ ይመለሳል። ዳኛዋ እኔ!

እኔም በረከትን «ሚስቱ እኮ ነኝ» ስለው፣ «ለዚህ ነው የመረጥኩሽ፤ ሚስት ለባሏ ስትፈርድ አይቼ አላውቅም» አለኝ።

ለምሠራበት መጽሔት ስለ ሰርግ አዳራሾች ልጽፍ ነበር። ይቆይ! የሚበልጥ ወሬ አግኝቻለሁ።

ማክሰኞ

የመጀመሪያው ፈተና። ቦታው ሌዊስቪል፣ የአንድ ትልቅ ሱቅ ፓርኪንግ፣ ፀሐይ ከገባች በኋላ። ጠመንጃ አልያዝንም፤ መሣሪያዎቹን በእጅ ይዞ ለማየት የሚገጠም ማያ አላቸው። ውጭው አሁንም እንደ ምድጃ ነው። በረከት ቫኑን ፓርክ አደረገና ኤሲውን ለቀቀው፤ መስኮቱ ግጥም ተደርጎ ተዘጋ።

መጀመሪያ በረከት። «የጋሪዎቹ ጎማ ሳይቀር! ሶስና፣ እስቲ እዪ፣ ያቺ ሴትዮ የገዛችው ሐብሐብ ነው!» አየሁ። እውነቱን ነው፣ ሐብሐብ ነው። ደስ ሲል!

ቀጥሎ ሰሎሞን። አዞረው፣ አጠፋው፣ መልሶ አበራው።

«ምን ታየህ?» አለው በረከት።

«የሆነ… ፊት።»

«የማን ፊት?»

ተቀብዬ አየሁ። ውጭው ጥቁር ግድግዳ ሆኗል፤ መሐሉ ላይ የደበዘዘ የሰው ፊት አለ፣ የራሴው ፊት! በረከት መሪው ላይ ተደፍቶ ሳቀ። «ይኼ መሣሪያ አሳማ ሳይሆን ባለቤቱን ነው የሚያድነው!»

ምስኪን ሰሎሞን። እኔም በልቤ ለበረከት ፈርጄ ነበር።

ረቡዕ

አላምንም! አላምንም!

ሰሎሞን ቴርማሉን ካርቶን ውስጥ ከትቶ፣ ቴፕ ለጥፎ፣ ወደ ሥራ ሄደ። ማታ ብቻዬን ሆኜ አንጀቴ አልቻለም፤ ቴፑን ላጥኩትና በረንዳ ወጣሁ። ወይ ጉድ! እንዳለ ዓለሙ በራ። አሁን የቆመው መኪና ሞተር እንደ ፍም። ከቁጥቋጦ ሥር ሁለት ጥንቸሎች፣ በዓይኔ ጭራሽ የማይታዩኝ። ከማዶ ካለው ሕንፃ ሥር ሲጋራ የሚያጨስ ሰው፤ ለሚስቱ ተውኩ ብሏት እንደነበር አውቃለሁ። (ስሙን አልጽፍም። ደግ ነኝ።)

ቢንቢው ሲያስቸግረኝ ገባሁና የመስታወቱን በር ዘጋሁት። ቁጭ ብዬ እንደገና ልይ ብል፣ ጥቁር ግድግዳ! በሩን ከፈትኩ፣ ጥንቸሎቹ አሉ። ዘጋሁ፣ የሉም። ከፈትኩ፣ አሉ። ዘጋሁ፣ የራሴ ፊት።

መስታወት ነው! ሙቀቱ በመስታወት አያልፍም! እነዚህ ሁለት ሰዎች ሃያ ዓመት ሙሉ ዓለምን በመስታወት ያዩ ሹፌሮች ናቸው፤ መስታወትን በምን ይጠርጥሩት?

ሰሎሞን ሲመጣ መመሪያውን አውጥቶ አነበበ። የመጀመሪያው ገጽ ላይ ተጽፏል። «ማን መመሪያ ያነባል?» አለና አቅፎኝ ዞረ። ወዲያው በረከትን ኮል አደረግኩት።

«ፍርዱ ተሽሯል» አልኩት።

«በምን ምክንያት?»

«መስኮትህን ክፈት።»

ሐሙስ

ከአርሊንግተን ወዲያ ያለ መተኮሻ ሜዳ ሄድን። ጥያቄው አንድ ነው፦ ክሊፕ ኦኑ ሲሰካ ጥይቱ ድሮ የሚያርፍበት ያርፋል ወይ?

ወረቀት ኢላማ ለቴርማል አይታይም፤ ፀሐዩ ሁሉንም እኩል አግሎታል። እኔ ነኝ የወጥ ቤት ፎይል ቆርጬ መሐሉ ላይ የለጠፍኩት። ፎይሉ ጥቁር ሆኖ ጎልቶ ወጣ! (ከዛሬ ጀምሮ ኤክስፐርት ነኝ።)

የቴርማሉ ጥይቶች እዚያው እቦታቸው። የበረከት አንድ መዳፍ ያህል ወደ ግራ ሸሹ። ሰሎሞን ደስታውን ሊደብቅ አልሞከረም። ኋላ ሲያዩት ለካ ማያያዣው ቀለበት ላልቷል፤ ሲያጠብቁት ጥይቱ ወደ ቦታው ተመለሰ። ቴርማሉም ነውር አላጣም፤ ስኮፑን ብዙ እንዲያጎላ ስታደርገው ምስሉ ተቆራርጦ እንደ ሞዛይክ ይሆናል። በዝቅተኛው ማጉያ ነው የሚያምረው።

እኩል ለእኩል። ነገ ማሳው ላይ።

ዓርብ



እትዬ ጽጌ ወንበር ዘርግተው እንደ ሰርገኛ ጠበቁን። ቦታው ጥሩ ነው፤ ከማሳው ጀርባ ከፍ ያለ የአፈር ቁልል አለ፣ ጥይት አያሳልፍም። በጠመንጃ ሜዳ አይቃኝም ብለው ሁለቱ ቴርማሉን ለእኔ ሰጡኝ። እየመሸ ሲሄድ አየኋቸው፤ አምስት ነጫጭ ነገሮች፣ ማሳው ጥግ ላይ፣ አንገታቸውን ደፍተው።

«አሉ! አሉ!»

በረከት በዲጂታሉ ፈለገ። «ሣር ነው የማየው፤ መብራቴ አይደርስም።»

ሰሎሞን ቴርማሉን ከእኔ ወስዶ ስኮፑ ፊት ሰካውና መሬት ላይ በሆዱ ተኛ። እትዬ ጽጌ ብድግ አሉ። «ምን ትጠብቃለህ? በለው እንጂ!»

«እትዬ፣ ትንሽ ይታገሱ። ነጭ ነጠብጣብ ነው የሚታየኝ፣ ጭንቅላቱ አልለየልኝም።»

«ጭንቅላቱን ምን ታረገዋለህ? ልታገባው ነው? ቃሪያዬን እየበላ እኮ ነው!»

ሰሎሞን ጣቱን ቃታው ላይ አላደረገም። (ለዚህ ነው ያገባሁት።) ነጠብጣቦቹ እየተጠጉ መጡ። የእትዬ ጽጌ ትንፋሽ ይሰማኛል። ድንገት በረከት፣ «ቆይ! ቆይ! እንዳትተኩስ!» አለ። «ጆሯቸው ላይ የሚያበራ ነገር አለ። ቁጥር ነው። ጥጆች ናቸው!»

የጎረቤታቸው የፈረንጁ ጥጆች! እትዬ ጽጌ ሁለት እጃቸውን ራሳቸው ላይ ጫኑ። «ኧረ እመቤቴ! የሰውየውን ልጆች ልናስፈጅ ነበር!»

ደወሉለት። ሰውየው የመኖ ባልዲ ይዞ መጥቶ ሲያንኳኳ ጥጆቹ እንደ ተማሪ ተሰልፈው ተከተሉት። አጥሩ ሥር ጉድጓድ አሳየን፤ የቆፈሩት አሳማዎቹ ናቸው፣ ጥጆቹ የተከፈተ በር አግኝተው ነው የገቡት። ባሌና ጓደኛው መሣሪያዎቻቸውን ታቅፈው ሲተያዩ ነበር። ማንም በማንም ላይ አልቀለደም።

ቅዳሜ

ዘዴ ቀየርን። እኔ በቴርማሉ እፈልጋለሁ፤ የበረከት ዲጂታል ሰሎሞን ጠመንጃ ላይ ይሰካል። ሰሎሞን ይህን ለመዋጥ ግማሽ ቀን ፈጀበት። «በጠላት ዓይን ልተኩስ?» አለ። «ጠላትህ ትናንት ከክስ አድኖሃል» አለው በረከት።

መጡ! በጅረቱ በኩል፣ ተራ ይዘው፣ ትልቋ ከፊት። «ከግራ፣ ከዛፉ ሥር» እያልኩ መራሁት። በረከት ከጎኑ፣ «ጆሮ ላይ ምልክት የለም?» «የለም።» «አፍንጫ?» «የአሳማ ነው፣ ረጅም።» «በል እንግዲህ።»

አንድ ጥይት። ትልቋ ወደቀች። ሌሎቹ በመጡበት ተበተኑ። እልል ልል ስል እትዬ ጽጌ ቀደሙኝ!

ከዚያስ? ማን ያንሳት?

«እኔ አልነካም» አሉ እትዬ ጽጌ።

«እኔ ተኩሻለሁ፣ ድርሻዬን ጨርሻለሁ» አለ ሰሎሞን።

ሁላችንም በረከትን አየነው። «በእኔ ቫን? ነገ በጠዋት ቄሱን የማመጣው በዚሁ ቫን ነው! እብድ ናችሁ?»

ጎረቤትየው በትራክተር መጥቶ ወሰዳት። ቋሊማ እሠራላታለሁ ብሎ ደስታው ወሰን የለውም። አጥሩንም ጠገነ፣ ጉድጓዱንም ደፈነ። ከቋሊማው እንደሚሰጠን ሲነግረን አራታችንም እኩል በእምቢታ ራሳችንን ነቀነቅን።

እሑድ

ፍርዴን ከቅዳሴ በኋላ አሳወቅሁ፦ አንዱም አይመለስም። ቴርማሉ የሆነ ነገር መኖሩን ይነግርሃል፤ ዲጂታሉ ምን እንደሆነ ይነግርሃል። ሁለቱም «አሸነፍኩ» ብለው ወጡ። ይሁንላቸው።

ለቃሚዎቹ ነገ ናቸው። የቀረችው ይህቺ አንድ ማታ ናት፤ ይሄው ማሳው ዳር ቁጭ ብዬ ስልኬ ላይ እጽፋለሁ። ሰሎሞን አጠገቤ፣ ጠመንጃው ገና ጭኑ ላይ። በረከት ባትሪ እየቀየረ ነው።

አሁን ጅረቱ ማዶ ስድስት ነጫጭ ነገሮች አየሁ። ለሰሎሞን ነገርኩት። እትዬ ጽጌ ቴርማሉን ከእጄ መንትፈው ዓይናቸው ላይ አደረጉ። መያዝ ተምረዋል።

«ወደ አጥሩ መጡ… ቆሙ። ጉድጓዳቸውን እየፈለጉ ነው። አፈሩን እያሸተቱ ነው።»

በረከት ባትሪውን እንደያዘ ተጠጋ።

«አንዱ ዞረ። ሁለቱ ዞሩ። ሄዱ… ሄዱ… ያቺ ትንሿ ቆማለች። ሂጂ እንጂ አንቺ! ሂጂ! … ሄደች።»

መሣሪያውን አላወረዱም። ትከሻቸው ግን ወረደ።